እንዶድ በቀዝቃዛ ውሃ፣ እንዶድ በሜታኖል፦ የማንጎ ፈንገስ ላይ የሚደረግ ሙከራ ማስታወሻ

የካቲት 3

የዚህ ዙር ጥያቄ አጭር ነው። ማንጎ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣውን፣ ባለሙያዎች አንትራክኖዝ የሚሉትን በሽታ የሚያመጣው ኮሌቶትሪኩም የተባለ ፈንገስ ነው። እንዶድና ነጭ ሽንኩርት ይህን ፈንገስ ምን ያህል ይገቱታል?

የእፅዋት ጭማቂ ፈንገስ ላይ መሞከር የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ከሆነ ቆይቷል፤ መደርደሪያው ሞልቷል። አካሄዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ቅጠሉን ወይም ፍሬውን አድርቆ መፍጨት፣ ሜታኖል የተባለ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፎ ማሰንበት፣ ማጥለል፣ ማትነን፣ ከዚያም ፈንገሱ የሚያድግበት እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ (አጋር) ላይ ጉድጓድ በስቶ ጠብ ማድረግ። ዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ከወጣ «ይሠራል» ይባላል፣ ካልወጣ «አይሠራም»። እኔን የሚከነክነኝ ሜታኖሉ ነው። እንዶድን በሜታኖል በጥብጦ ጋቢ ያጠበ ሰው የለም።

ነገሩ ከልማድ ያለፈ ኬሚስትሪ አለው። እንዶድ ውስጥ አረፋውን የሚሰጡት ሳፖኒን የሚባሉ ውህዶች ናቸው። መሠረታቸው ኦሊያኖሊክ አሲድ ሆኖ፣ ባልተነካው ፍሬ ውስጥ በሁለት በኩል የስኳር ሰንሰለት ይንጠለጠልባቸዋል። በዚህ መልካቸው ደካሞች ናቸው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም ይነሣና አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ኃይለኛው ባለአንድ ሰንሰለት ሳፖኒን የሚገኘው ያኔ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ ውስጥ የሠሩ ኬሚስቶች ከውሃ ባለአንዱን፣ ከሜታኖል ባለሁለቱን አግኝተዋል። ሜታኖል ኢንዛይሙን ያመክነዋልና።

ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ያልተነካ ፍንካች አይሸትም። አሊን የተባለው ውህድና አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም በተለያየ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ሲወቀጥ ይገናኙና አሊሲን ይወለዳል። ካቫሊቶና ቤይሊ አሊሲንን ለይተው ያሳወቁት በ1944 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ስለዚህ «እንዶድ ፈንገስ ይገታል ወይ?» ብቻ ብዬ አልጠይቅም። የትኛው እንዶድ፣ እንዴት የተዘጋጀ? ሥራው እዚያ ላይ ነው።

የካቲት 6

መርካቶ። ደረቅ እንዶድ በጣሳ የሚሰፍሩ እናት ዘንድ።

«ለጋቢ ነው ለመድኃኒት?» አሉኝ።

«ለፈንገስ ነው እማማ፣ ማንጎ ላይ ለሚወጣ።»

«ማንጎ ልታጥቢበት?» ብለው ሳቁ። አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ እንደሆነ ስጠይቅ ግን ቆምጨጭ አሉ። «የቀላውንማ ወፍ ይብላው። አረፋ ያለው አረንጓዴው ነው። ወቅጠሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ አሳድሪው። የፈላ እንዳታደርጊበት፣ ይሰንፋል።»

ይሰንፋል። ላብራቶሪ ውስጥ ኢንዛይሙ በሙቀት ከሸፈ የምንለውን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። ፍሬው ሳይበስል ሲለቀም ሳፖኒኑ እንደሚበዛም የተጻፈ ነው።

ከአንድ ሻጭ፣ ከአንድ ጆንያ፣ ለሥራው ሁሉ የሚበቃ ገዛሁ። ከተለያየ ቦታ የመጣ እንዶድ ኃይሉ ይለያያል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው ብዙ ዓይነት ሰብስበው እያነጻጸሩ የተሻለውን የመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው። የአክሊሉን ታሪክ አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል የሚያድርባቸው እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከሳፖኒኖቹ አንዱ ለማቶክሲን የተባለው በስማቸው ነው። ፈንገስ ላይም ቢሆን የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም፤ የጋሪ ፈረሶችን ቆዳ በሚያቆስለው ፈንገስ ላይ እዚሁ አገር ተሞክሮ ውጤቱ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል።

የካቲት 9

ምግብ ማዘጋጀት፤ ለፈንገሱ ማለቴ ነው። ዝግጁው ዱቄት ስላለቀ ከድንች ሠራሁት። 200 ግራም ድንች ተልጦ፣ ተከትፎ ይቀቀላል፤ ውሃው በሻሽ ይጠለላል፤ 20 ግራም ዴክስትሮዝና 20 ግራም አጋር ይጨመርበታል፤ ሁሉም አንድ ሊትር ይሞላል። ባክቴሪያ እንዳይቀድመኝ ጥቂት ክሎራምፌኒኮል አገባሁበት፤ ሙቀት ስለሚችል አብሮ ቢቀቀል አይጎዳም።

በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚያጸዳው መሣሪያ፣ ኦቶክሌቩ፣ ጥገና ላይ ስለሆነ የምንጠቀመው በምድጃ ላይ የሚጣደውን ባለግፊት ድስት ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ላሉ ሁሉ አንድ ነገር ልበል። መመሪያዎቹ «በ15 ፒኤስአይ ለ15 ደቂቃ» ይላሉ (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው)፤ ይህ 121 ዲግሪ የሚሆነው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የእኛ የውጭ አየር ደግሞ ቀጭን ነው፤ ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መርፌው 15 ላይ ሲቆም ውስጡ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሙቀት የሚሠራ አዲስ ኦቶክሌቭ ያለው አይጨነቅ። በመርፌ የሚመራ ግን 40 ደቂቃ ያቆየው። «አጋሬ ሁልጊዜ ይሻግትብኛል፣ እጄ ነው መሰለኝ» የሚሉ ተማሪዎች አሉ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእጃቸው አይደለም።

የካቲት 12

ነጠብጣብ የጀመረው ማንጎ ገዛሁ። ሻጩ ጥሩ ጥሩውን ሊመርጥልኝ ሲል የለም፣ የተበላሸውን ስጠኝ ማለቴ ግራ አጋባው።

የሚፈለገው የቁስሉ ጠርዝ ነው፤ ጥቁሩና ጤነኛው የሚገናኙበት። መሃሉ ላይ ለሬሳ የሚመጣ ሌላ ፈንገስና ባክቴሪያ ሞልቷል። ከጠርዙ ትንንሽ ቁራጭ ቆርጬ፣ በተበረዘ በረኪና ለአንድ ደቂቃ ነክሬ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሦስቴ አለቅልቄ፣ በማጣሪያ ወረቀት አድርቄ አጋሩ ላይ አስቀመጥሁ።

የካቲት 26

ንጹሕ ዘር ተገኘ። ከአንድ ስፖር፣ ማለትም ፈንገሱ ከሚራባባቸው ጥቃቅን ሕዋሶች ከአንዱ፣ እንዲነሣ አድርጌ ነጥዬዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የማየው ሁሉ የአንድ ፈንገስ ጠባይ ነው። ዲሹ (አጋሩ ያለበት ክብ ሳህን) ላይ ከላይ ነጣ ብሎ ወደ ግራጫ የሚያደላ ጥጥ ይመስላል፤ ዕድሜው ሲገፋ መሃሉ ላይ ብርቱካናማ እርጥብ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ነጠብጣቦቹ የስፖር ክምር ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ስፖሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ጫፋቸው ክብ፣ ባለአንድ ክፍል ናቸው። ኮሌቶትሪኩም ለማለት ይበቃል። የትኛው ዝርያ እንደሆነ በቅርጽ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ዲኤንኤ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የዝርያ ስም አልጽፍም። ጤነኛ ማንጎ ወግቼ ፈንገሱን አስገባሁበት፣ ያው ነጠብጣብ ወጣ፣ ከዚያው መልሼ አገኘሁት።

መጋቢት 2

የእንዶዱ ቀን።

ወቀጣው ቀላል አይደለም። የእንዶድ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ማስነጠሱ ማቆሚያ የለውም፤ ዓይንም ያቃጥላል። ማስክና መነጽር አድርጌ፣ ሙቀጫውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ዘነዘናውን በጨርቁ ቀዳዳ አስገብቼ ወቀጥሁ። ጎረቤት ክፍል ያለው ባልደረባዬ ግን በር ላይ ቆሞ ሲያወራኝ ቆይቶ እያስነጠሰ ሄደ።

ዱቄቱ በወንፊት ተነፍቶ አንድ ላይ ከተደባለቀ በኋላ አሥር አሥር ግራም ተመዘነ። አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው።

«ቀዝቃዛ» የምለው፦ 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ተበጥብጦ ያደረ። የመርካቶዋ እናት መንገድ።

«ፍል»፦ 10 ግራሙ በሚፈላ ውሃ ላይ ይበተንና ለ15 ደቂቃ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እንደ መጀመሪያው ያድራል። ማደሩ ወሳኝ ነው፤ ልዩነት ቢመጣ «ያኛው ስላደረ ነው» የሚል እንዳይኖር።

«ሜታኖል»፦ 10 ግራም በሜታኖል ተዘፍዝፎ፣ ተጠሎ፣ ሜታኖሉ ተንኖ፣ የቀረው ዝቃጭ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ የሟሟ። ሳፖኒን በውሃ ስለሚሟሟ እንደ ዲኤምኤስኦ ያለ ሌላ ማሟሟያ አያስፈልግም።

«የነቃ ሜታኖል»፦ ይህኛውን በጣም ወድጄዋለሁ። ከሜታኖሉ ሟሙት 95 ሚሊ ሊትር፣ በላዩ አሁን ከተበጠበጠ ትኩስ የእንዶድ ውሃ 5 ሚሊ ሊትር። ትኩሱ ውሃ ኢንዛይም ያመጣል፤ ሜታኖሉ ያወጣው ሳፖኒን የጎደለው ኢንዛይም ብቻ ከሆነ ሌሊቱን መንቃት አለበት። ያ 5 ሚሊ ሊትር ራሱ ፈንገሱን ገትቶት እንደሆነ ለመለየት ደግሞ፣ እኩል መጠኑን በ95 ሚሊ ሊትር ተራ ውሃ ውስጥ «አነቃቂው ለብቻው» ብዬ አዘጋጀሁ።

መጠኑን የምቆጥረው በፍሬው ክብደት ነው። ከአነቃቂው ለብቻው በቀር፣ ሁሉም በአንድ ሚሊ ሊትር የ100 ሚሊ ግራም ፍሬ ድርሻ ይዟል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከደረቀው ጭማቂ እኩል ሚሊ ግራም መዝኖ ማወዳደር ነው፤ ነገር ግን ውሃ ስኳሩንም ሙጫውንም ፕሮቲኑንም አብሮ ያወጣል፣ ሜታኖል ይመርጣል። እኩል ተመዝኖ ቢነጻጸር የውሃው ጭማቂ በማይሠራ ነገር ተበርዞ ይቀርባል። ገበሬውም የሚያውቀው ስንት ኪሎ ፍሬ እንደጨረሰ ነው።

መጋቢት 3

ማጥለል፣ ማጥለል፣ ማጥለል። መጀመሪያ ሻሽ፣ ቀጥሎ ማጣሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ሴንትሪፊውጅ፣ መጨረሻ ላይ 0.22 ማይክሮን ማጣሪያ። ጭማቂውን አፍልቼ ከጀርም ላጸዳው አልችልም፤ የምመረምረው ራሱ የሙቀትን ነገር ስለሆነ። እንዶድ ደግሞ አረፋው ስሪንጁን ይሞላዋል፣ ሙጫው ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ማጣሪያዎቹ ርካሽ አይደሉም፣ ከውጭ ነው የሚመጡት።

ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ታዘብሁ። ሁሉንም እኩል ስንጣቸው ሁሉም አረፋ ሰጡ። የቀዝቃዛው አረፋ ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ለረጅም ጊዜ አልወረደም፤ ይሁን እንጂ የፍሉም አረፋ የሚናቅ አልነበረም። አረፋ በዓይን አይቶ «ሳፖኒን አለው» ማለት ይቻላል፤ «ኃይለኛው ሳፖኒን ነው» ማለት አይቻልም።

መጋቢት 4

ጉድጓድ በስቶ ጠብ ማድረጉን ትቼዋለሁ። ሳፖኒን ትልቅ ሞለኪውል ነው፣ አጋር ውስጥ በቀላሉ አይሰርግም፤ ትንሽ ክብ ቢወጣ ደካማ ስለሆነ ይሁን መሄድ ስላቃተው አይታወቅም። ይልቅ ጭማቂውን ከቀለጠው አጋር ጋር ቀላቅዬ፣ ፈንገሱን የተመረዘ ገበታ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

አጋሩ ጠርሙሱን የእጅ ጀርባ ላይ ሲያስጠጉት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል ሲሆን፣ ማለትም ወደ 48 ዲግሪ ሲወርድ፣ 90 ሚሊ ሊትር አጋር ላይ 10 ሚሊ ሊትር ጭማቂ። አጋሩን ቀድሜ ወፈር አድርጌ ነው የሠራሁት፣ በጭማቂው እንዳይቀጥን። ማመሳከሪያው በጭማቂው ፋንታ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ያገኛል። አንደኛው ረድፍ ማንኮዜብ የተባለ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት አለው፤ እሱ ላይ ፈንገሱ ካደገ ሙከራው ራሱ ችግር አለበት ማለት ነው። ከዚያ ከንጹሑ ዘር ዳር 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁራጭ ተበስቶ፣ ተገልብጦ፣ መሃል ላይ ይቀመጣል።

ጤና አዳምንና ግራዋንም በዚሁ ዙር አስገብቻቸዋለሁ፣ ሰው ስለሚጠይቀኝ።

መጋቢት 8

መብራት ጠፍቶ አደረ። ዲሾቹ ያሉበት ሙቀት ጠባቂ ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ 25 ዲግሪ ላይ ነበር፤ ጠዋት ስገባ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እኩል ሆኗል። ማመሳከሪያውም የተመረዘውም አብረው ስለበረዱ ንጽጽሩ አይፋለስም፤ የሚለወጠው የመለኪያው ቀን ነው። ስለዚህ «በሰባተኛው ቀን እለካለሁ» ብዬ አልወሰንሁም። ማመሳከሪያው ወደ ዲሹ ጠርዝ ሲቃረብ ነው የምለካው።

መጋቢት 13

ልኬት። ሁለት ቀጥ ብለው የሚሻገሩ መስመሮች፣ ማስመሪያ፣ የየረድፉ አማካይ። በአንድ ሚሊ ሊትር አጋር 10 ሚሊ ግራም ፍሬ ባለበት ረድፍ ያለው ይኸው፦

ማመሳከሪያ 78 ሚሊ ሜትር። ቀዝቃዛ 31። ፍል 66። ሜታኖል 61። የነቃ ሜታኖል 40። አነቃቂው ለብቻው 75።

የመነሻው ቁራጭ 5 ሚሊ ሜትር ከሁሉም ሲቀነስ፣ ቀዝቃዛው እድገቱን በ64 በመቶ፣ ፍሉ በ16፣ ሜታኖሉ በ23፣ የነቃው በ52 ገትቷል። አነቃቂው ለብቻው 4 በመቶ ነው፣ ከምንም አይቆጠርም።

ዲሾቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ብዙ ቆምሁ። ያው ፍሬ ነው፣ ያው ሙቀጫ፣ ያው ክብደት። የሜታኖሉን ረድፍ ብቻ የሠራ ሰው «እንዶድ በኮሌቶትሪኩም ላይ የሚጠቀስ ውጤት የለውም» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ውሸትም አይሆንበትም። ከዚያው ጠርሙስ ላይ ለአንድ ሌሊት ጥቂት ትኩስ የእንዶድ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ግን ከሁለት እጥፍ በላይ በረታ። ሳፖኒኑ እዚያው ነበር።

ሜታኖሉ ከፍሉ ጥቂት መሻሉ ለምንድን ነው? የምገምተው፣ ገበያ ላይ የተሰጣው ፍሬ ሲደርቅም ሲጓጓዝም እርጥበት ስላገኘው ኢንዛይሙ ቀድሞ የሠራው ጥቂት ነገር ይኖራል፤ ሜታኖሉ ያንንም አውጥቶታል። እዚህ ላይ ግምቴ ነው እንጂ የለካሁት ነገር የለም።

ጤና አዳም ትንሽ አዘገየው። ግራዋ ላይ ፈንገሱ እንዲያውም ተመችቶት አደገ። ለሁለቱም የተጠቀምሁት ተራ የውሃ ጭማቂ ስለሆነ አልፈርድባቸውም፤ ራሴ የምነቅፈውን ነገር እነሱ ላይ አልደግምም። ከዚህ ሥራ ግን ይውጡ።

መጋቢት 16

ከቀዝቃዛው እንዶድ ዲሽ መሃል ያለውን ቁራጭ አንሥቼ ንጹሕ አጋር ላይ አዛውሬው ነበር። ዛሬ ዙሪያውን ነጭ ፀጉር አብቅሏል። አልሞተም ማለት ነው፤ ታግዶ ነበር። በማይክሮስኮፕ ያየሁትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ማመሳከሪያው ላይ ክሮቹ ቀጭን፣ ረዥም፣ ወደ ፊት የሚሮጡ ናቸው። እንዶዱ ላይ ያሉት አጫጭር ሆነው ቶሎ ቶሎ ይቀነጠባሉ፤ ጫፋቸው እንደ በቆልት አብጧል። ሳፖኒን የሚይዘው የፈንገሱን ሽፋን፣ በተለይ እዚያ ውስጥ ያለውን ኤርጎስቴሮል የተባለ ቅባት ነው፤ አዲስ ሽፋን የሚሠራው ደግሞ የሚያድገው ጫፍ ላይ ነው።

መጋቢት 20

ባለአንድ ሰንሰለቱ ሳፖኒን ቀይ የደም ሕዋስንም ያፈርሳል፣ ባለሁለቱ እምብዛም። ይህ ከሆነ ደም ፈጣን መመርመሪያ ይሆነኛል፤ ፈንገሱ ከሳምንት በላይ የሚፈጅበትን መልስ ደም በአንድ ሰዓት ይሰጣል።

ጾም ነው፣ በሰፈራችን ያሉት ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል። በጠዋት ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄጄ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሶዲየም ሲትሬት ባለበት ጠርሙስ የበግ ደም ተቀበልሁ። ባለቤቱ ምንም አልጠየቀኝም። ሕዋሶቹን በጨው ውሃ አጥቤ፣ ጭማቂዎቹን በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠንሁ በቱቦ ደረደርሁ።

ውጤቱ በዓይን ይታያል። ደሙ ሳይፈርስ ሲቀር ሕዋሶቹ ታች ረግተው ከላይ ውሃው ጥርት ይላል፤ ሲፈርስ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ይሆናል። ቀዝቃዛው ብዙ ቱቦ ድረስ ቀይ ነበር፤ ፍሉ ከመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች አላለፈም፤ የነቃው ከቀዝቃዛው አንድ ቱቦ ብቻ ወደኋላ ቀረ። ቅደም ተከተሉ ከፈንገሱ ጋር አንድ ነው።

ይህ ደስ ቢያሰኝም ማስጠንቀቂያም ነው። ፈንገሱን የሚገታው ባሕርይ የእኛንም ሕዋስ አይምርም፤ የእኛ ሽፋን ኮሌስትሮል አለው፣ እሱንም ይይዛል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውን አባባል ከዚህ ቱቦ ፊት ቆሞ መድገም ይከብዳል። እንዶድ ሲጠጣ መርዝ ነው፤ ዓሣም ይገድላል። በዚህ ምክንያት የተረፈውን ጭማቂ በቧንቧ አልደፋም። ውሃ ውስጥ ቶሎ የሚበሰብስ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ አሰንብቼ፣ ከግቢው ዳር ደረቅ አፈር ላይ ነው የማፈሰው።

መጋቢት 27

ነጭ ሽንኩርት። በሁለት መንገድ፦ ተወቅጦ ለ10 ደቂቃ የተቀመጠ፣ እና ፍንካቹ እንዳለ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ከዚያ የተወቀጠ። የተቀቀለውን ፈንገሱ ያወቀውም አይመስልም፤ እንደ ማመሳከሪያው አደገ። ጥሬው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አላበቀለም። ከዚያ ግን ፈንገሱ ቀስ ብሎ ተነሣና መሮጥ ጀመረ። አሊሲን ራሱ ይፈርሳል፣ ይተናል፤ ሲያልቅ እግዱ ይነሣል። የእንዶዱ ዲሽ ላይ ያለው እድገት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ዘገምተኛ ነው፣ የነጭ ሽንኩርቱ ዜሮ ቆይቶ ሙሉ። በአንድ ቀን ብቻ የለካ ሰው ሁለቱን አንድ ቁጥር ሊሰጣቸው ይችላል።

የነጭ ሽንኩርቱን ዲሾች ለብቻቸው፣ በሌላ ክፍል፣ በተዘጋ ሳጥን ነው ያስቀመጥሁት። ምክንያቱን ለማሳየት አንድ ዲሽ ሠራሁ፤ ፈንገሱ ንጹሕ አጋር ላይ፣ አንድ ጠብታ ጥሬ ጭማቂ ክዳኑ ላይ። ሳይነካካ፣ በትነቱ ብቻ ፈንገሱ ቆመ። ከማመሳከሪያዎች ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ሁሉንም ይበክል ነበር። ሳጥኑን ስከፍት ኮሪደሩ የወጥ ሽታ ያዘ፤ ጾመኛው ሁሉ ተቆጣኝ።

ሚያዝያ 9

ወደ ማንጎው። ዲሽ ላይ የሠራ ሁሉ ፍሬ ላይ አይሠራም። ጤነኛ ማንጎዎች ታጥበው፣ በመርፌ ተወግተው፣ በእያንዳንዱ ቁስል ላይ ስፖር ያለበት ጠብታ አረፈባቸው። ከሰዓታት በኋላ አንደኛው ወገን ቀዝቃዛ የእንዶድ ውሃ ውስጥ፣ ሌላው ተራ ውሃ ውስጥ፣ ሦስተኛው 52 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ተነከረ። ሙቅ ውሃው ኤክስፖርት ማንጎ በሚያዘጋጁ አገሮች የታወቀ ዘዴ ነው። ከእሱ ጋር ያልተወዳደረ ዘዴ ለገበያ የሚሆን ነው ብዬ አላወራም። ጥቂት ያልተወጉ ማንጎዎችም በየወገኑ አሉ፤ ከእርሻ ይዘውት የመጡት በሽታ ይወጣ እንደሆን ለማየት።

በሳጥኖቹ ላይ በቀይ «አይበላም» ብዬ ጽፌያለሁ። በማንጎ ወቅት ይህ ጽሑፍ ትርፍ አይደለም።

ሚያዝያ 20

እንዶዱ ቁስሉን አሳንሶታል፣ አላስቀረውም። ሙቅ ውሃው በለጠ። ያልተወጉት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ሰፋ፤ እንዶድ የተነከሩት እንደ ተራ ውሃዎቹ ነጠብጣብ አወጡ፣ ሙቅ ውሃ የነካቸው አብዛኞቹ ንጹሕ ቆዩ። ምክንያቱ ከፈንገሱ ኑሮ ነው። ኮሌቶትሪኩም ማንጎውን የሚይዘው ዛፉ ላይ፣ ገና ለጋ ሳለ ነው፤ ልጣጩ ላይ ተጣብቆ ጥቂት ሰርጎ ይተኛል፣ ፍሬው ሲበስል ይነሣል። ሙቀት የተኛበት ድረስ ይደርሳል። ሳፖኒን ልጣጩ ላይ ይቀራል።

ሌላም አለ። እንዶድ የነካቸው ማንጎዎች ልጣጭ ላይ፣ በትንንሾቹ የመተንፈሻ ነጠብጣቦች ዙሪያ፣ ቡናማ ክብ ወጥቷል። ገዢ ይህን አይቶ በሽታ ነው ይላል። ለማንጎ መንከሪያነት እንዶድን ትቼዋለሁ። የሚበላ ነገር ላይ መርዝነት ያለው ሳፖኒን ማስቀመጡም ከጅምሩ አልጣመኝም ነበር።

ግንቦት 3

የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። መፍላት እንዶድን ያሰንፈዋል ተብሏል፣ አይቻለሁም። የሚጎዳው ግን ኢንዛይሙ ነው ወይስ ሳፖኒኑ ራሱ? ኢንዛይሙ ብቻ ከሆነ ቅደም ተከተል ነው ሁሉን የሚወስነው፤ መጀመሪያ አድሮ፣ ኢንዛይሙ ሥራውን ጨርሶ፣ ከዚያ ቢፈላ ምንም መሆን የለበትም። ስለዚህ ከአንድ ያደረ ጠርሙስ ግማሹን በ0.22 ማጣሪያ፣ ግማሹን ባለግፊት ድስት ውስጥ ለ40 ደቂቃ። በቀጥታ የፈላውንም ለማመሳከር ጨመርሁ። የደሙን ቱቦ ከሰዓት በኋላ ደረደርሁ፤ በማጣሪያ ያለፈውና አድሮ የፈላው እኩል ቱቦ ላይ ቆሙ።

ግንቦት 12

ፈንገሱም ተስማማ። በማጣሪያ ያለፈው 32 ሚሊ ሜትር፣ አድሮ የፈላው 34፣ በቀጥታ የፈላው 67፣ ማመሳከሪያው 79። በ32 እና በ34 መካከል ያለው ልዩነት ከዲሽ ወደ ዲሽ ከማየው መዋዠቅ አይበልጥም።

ከእንግዲህ ለእንዶድ ማጣሪያ አልገዛም። በጥብጦ ማሳደር፣ ማጥለል፣ በባለግፊቱ ድስት ማፍላት፤ ጠርሙሱ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የተረፉትን ማጣሪያዎች ለነጭ ሽንኩርቱ አስቀምጫለሁ፤ አሊሲን ሙቀት አይችልም፣ እሱ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። ቀጣዩ ሥራ የእንዶዱን ውሃ የባቄላና የማሽላ ዘር ላይ መሞከር ነው፣ ከመዘራቱ በፊት የሚታሽ ሆኖ፤ እዚያ የሚበላው የተነከረው ዘር አይደለም። መጀመሪያ ግን ዘሩ ራሱ ይበቅል እንደሆን አያለሁ።